አዴ ሩቂያና ያልተወለደው ዕዳ

አዴ ሩቂያ ማረፏን የነገረኝ አንድ የባጃጅ ሾፌር ነው። ቀፊራ ገበያ ዳር ጥላ ይዤ ተቀምጫለሁ። ባጃጁን ሳያቆም አንገቱን አወጣና «አባ ሙሜ! አዴ ሩቂያ እኮ ሞተች! ከዙሁር ሶላት በኋላ ትቀበራለች!» ብሎኝ አለፈ። ኢናሊላሂ ብዬ ተነሳሁ። ሰው ሲሞት አስቀድሞ የሚታሰበው ሟቹ ነው፤ ለእኔ ግን ቀድሞ የመጣብኝ የዘሃራ ቤት ነው። መልሼ ተቀመጥኩ። ያን ቤት ደግፎ የያዘው እሷና እኔ የሰማነው አንድ ቃል ነበር። አሁን የሰማሁት እኔ ብቻ ሆንኩ።

ነገሩን ከሥሩ ልናገር።

አዴ ሩቂያ ቀፊራ ውስጥ ቅመም ትሸጥ ነበር። አጭር፣ ቀጭን፣ ከጉንጯ ሥር ቅርንፉድ የማይጠፋ ሴት። ስትናገር ቅርንፉዱ ስለሚሸት የተቆጣ ሰው እንኳ ሳያውቀው ጠጋ ይላታል። በአማርኛ ትጀምርና በኦሮምኛ ትቀጥላለች፤ ስትቆጣ ወደ ሶማልኛ ትገባለች። ባሏ በልጅነቷ ሞቶባት ልጆቿን በቅመም ነው ያሳደገችው። ዳኛ አይደለችም፣ ሼኽ አይደለችም። ግን እዚህ ድሬዳዋ፣ መጋላ ሰፈር ውስጥ ባልና ሚስት ተለያይተው ንብረት ሊካፈሉ ሲሉ፣ ሽማግሌዎቹ ምንጣፍ ላይ ከመቀመጣቸው በፊት «ሩቂያ መጥታለች?» ብለው ይጠይቃሉ።

እኔ ባለ ጋሪ ነበርኩ። ሠርግ ሲሆን የሙሽራ ዕቃ እጭናለሁ፤ ፍቺ ሲሆን ያንኑ ዕቃ እመልሳለሁ። የተዋወቅነውም በዚሁ ነው። አንድ ቀን የአንዲት ሴት ቁምሳጥን ጭኜ ስወጣ ከኋላዬ በእግሯ ተከተለችኝና «ወርያ ሙሜ፣ ይሄ ቁምሳጥን ሲገባም አንተ ነህ ያመጣኸው?» አለችኝ። «እኔ ነኝ» አልኳት። «እንግዲያው አንተ ከሽማግሌዎቹ የበለጠ ታውቃለህ» አለችና ከዚያ ወዲያ በሄደችበት ሁሉ አጠገቧ ታስቀምጠኝ ጀመር። ቁምነገሬ ያ ብቻ ነበር፤ ዕቃ ሲገባና ሲወጣ ማየት።

የሚካፈል ቤት ውስጥ ገብታ አትቀመጥም። ደጃፉ ላይ፣ ግማሽ ፀሐይ ግማሽ ጥላ ይዛ ነው የምትቀመጠው። ውሃም ቢሰጧት አትጠጣም። የድሬን ሙቀት ታውቃላችሁ፤ ከንፈሯ ተሰንጥቆ እንኳ ብርጭቆውን ትመልሳለች። ለምን ብዬ ብጠይቃት «ገና የማን ውሃ እንደሆነ አልታወቀም» አለችኝ።

የእሷ መንገድ እንዲህ ነበር። ሰው ሲሞት ቀብር ላይ ቤተሰቡ ተነስቶ «ሟች ዕዳ ያለበት ሰው ካለ ወደ እኛ ይምጣ» ይላል። አዴ ሩቂያ «ትዳርም ሲሞት ሬሳ ነው፤ ዕዳው ሳይጠየቅ አይቀበርም» ትላለች። ስለዚህ ንብረት ከመካፈሉ በፊት፣ በጁምዓ፣ ሰው ከመስጊድ ሲወጣ አንድ ሽማግሌ በር ላይ ቆሞ «የእገሌና የእገሊት ቤት ሊለያይ ነው፤ አማና፣ አደራ ያስቀመጠ፣ ያበደረ፣ ዋስ የጠራ ይምጣ» ብሎ እንዲጣራ ታስደርጋለች። አንዳንዱ ያፍራል። «ጉዳችንን አደባባይ አወጣሽው» ይሏታል። «ጉድ ከቤት ውስጥ ሲያድግ ነው የሚያስፈራው» ትላቸዋለች።

የመጣውን አበዳሪ ሁሉ ግን አታምንም። «የታል የበላው?» ትላለች መጀመሪያ። ገንዘቡ ቤት ከገባ ቤት የበላው ነገር አለ፤ እሱን አሳዩኝ ማለቷ ነው። ጣሪያ ከሆነ ጣሪያውን ቀና ብላ ታያለች፤ አልጋ ከሆነ በመዳፏ ትዳስሳለች። አንድ ባል «ለፍሪጁ ከአጎቴ ልጅ ተበድሬያለሁ፤ ሚስቴ ግማሹን ትክፈል» አለ። አዴ ሩቂያ ከደጃፍ ተነስታ ፍሪጁን እንደ ግመል አንገት ዳበሰችው። «ሙሜ፣ ይሄን ታውቀዋለህ?» «አውቀዋለሁ። ከሠርጉ በፊት ከእናቷ ቤት ነው ያመጣሁት» አልኩ። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ባልየው ተናዶ «ደሞ አንቺ ማነሽ? በኪታቡ የሴት ምስክርነት እንደሆነ ግማሽ ነሽ!» አላት። «ግማሼ ላንተ ተርፎ ይበቃሃል» አለችው።

ቤቱ የበላውን ዕዳ ሁለቱ ይከፍላሉ፤ ሰውየው ብቻውን የበላውን ብቻውን። እስከዚህ ቀላል ነው። የሚያስቸግራት ሌላ ዓይነት ነበር፤ አለ ወይም የለም የማይባለው ዕዳ። እሱን «እርጉዝ ዕዳ» ትለዋለች። «ሴት ስትፈታ ወዲያው ለምን አታገባም? ማህፀኗ እስኪታወቅ ትጠብቃለች። ንብረትም ማህፀን አለው። ምን እንደያዘ ሳይታወቅ አይበተንም» ትል ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ አንድ ዋና ንብረት ሳይነካ እንዲቆይ ታደርጋለች፤ ዕዳው ተወልዶ መልኩ እስኪታይ ወይም መና መሆኑ እስኪታወቅ። ሰው ይሰለቻል፣ ይሰድባታል። እሷ ግን የደቻቱን ወንዝ አሸዋ ታሳየኛለች። «አየህ፣ ደረቅ ነው። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። እዚህ ሰማዩ ጥርት እንዳለ ደንገጎ ተራራ ላይ ሲዘንብ ማን ያያል? ውሃው የሚመጣው ያልዘነበበት ሰው ላይ ነው።»

ወደ ዘሃራ ልምጣ። ዘሃራን ከሕፃንነቷ አውቃታለሁ። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ልብስ ትሰፋለች፤ ማለዳ በሰርቪስ ትሄዳለች፣ አመሻሽ ላይ ትመለሳለች። ባሏ ጀማል ከጅጅጋ በኩል ጨርቅና ጫማ እያመጣ የሚያከፋፍል ነጋዴ ነው፤ የራሱ የጭነት መኪና አለው። መጋላ ውስጥ ያለችውን ቤት አብረው ነው የሠሯት። ግድግዳው የእሱ ንግድ ነው፣ ጣሪያው የእሷ አምባር። ሁለት ሴት ልጆች ወለዱ። ከዚያ ተፋቱ። ምክንያቱን አልናገርም፤ የእነሱ ነው።

በጁምዓ እንደ ልማዱ ተጣራን። መጀመሪያ ከሱቅ በዱቤ የሰጡ ሰዎች መጡ፤ ያ በዚያው አለቀ። ከሁሉም ኋላ ጉሌድ መጣ። ጉሌድ መጋላ ውስጥ በጣቃ ጨርቅ የሚሸጥ የሶማሌ ነጋዴ ነው፤ ረዥም፣ ድምፁ የማይሰማ፣ ማንንም አታሎ የማያውቅ። ቆመና እንዲህ አለ፤

«ዛሬ የምጠይቀው ዕዳ የለኝም። መንገድ ላይ ያለ ግን አለ።»

ሽማግሌዎቹ ጠየቁት። ነገሩ ወጣ። ጀማል ለአንድ ጓደኛው ዋስ ሆኗል። ጓደኛው የጉሌድን ዕቃ ከባሕሩ በኩል ጭኖ ሊመጣ በረሃ ገብቷል። ዕቃው ከደረሰ ማንም ለማንም ምንም የለበትም። ካልደረሰ ጀማል ይከፍላል። ወረቀት የላቸውም፤ በእጅ ጭብጨባ የጨረሱት ነው።

ዘሃራ ከሴቶቹ መሀል ብድግ አለች። «ውሸት ነው! ድርሻዬን ለመብላት ትናንት የፈጠሩት ዕዳ ነው!»

«ወላሂ እውነት ነው» አለ ጀማል። ወደ መሬት እያየ ነው።

አዴ ሩቂያ ቅርንፉዷን ወደ ሌላው ጉንጯ አዛወረች። «እውነትም ይሆናል፣ ውሸትም ይሆናል። ይሄ እርጉዝ ነው። እንጠብቅ» አለች።

መጠበቅን የጀማል ወንድም አብዲ አልወደደውም። አፈ ጮሌ ሰው ነው። በማግስቱ ሽማግሌዎቹን ሰብስቦ «እኛ ሰው አንበድልም። ዘሃራ የልጆች እናት ናት፤ ቤቱን እንዳለ ትውሰድ። ጀማል መኪናውን ብቻ ይዞ ይወጣል። ወደፊት ምናልባት ዕዳ ከመጣ እኩል ይካፈላሉ፤ ካልመጣም አልሐምዱሊላህ» አለ። ሁሉም «ማሻአላህ!» አሉ። ቤቱ ከመኪናው ይበልጣል፤ ይህን ማንም ያውቃል። ዘሃራ ሻሿን ፊቷ ላይ ጥላ በደስታ አለቀሰች። እኔም ደስ አለኝ። ወደ አዴ ሩቂያ ዞር ስል ማኘኳን አቁማለች።

ስንመለስ «ምነው አዴ?» አልኳት።

«ጅብ ሥጋውን ትቶልህ ከሄደ ሌላ ነገር ሸቶታል ማለት ነው።»

«ምን ሸተተው?»

«ሙሜ፣ ቤት እግር አለው?»

«የለውም።»

«መኪናስ?»

«መኪናማ ስድስት አለው» አልኳት፤ ላስቃት ብዬ። አልሳቀችም።

«ዕዳው የተወለደ ዕለት መኪናው ድሬ ውስጥ የለም። አበዳሪው ሲመጣ የሚያገኘው የማይሸሸውን ነው። ግማሹን ፈርማለች ይላል፤ ሌላውን ግማሽ ደግሞ ከማን ሊቀበል ነው?»

ለሽማግሌዎቹ ተናገረች። መኪናው ዕቃው እስኪታወቅ ይቁም፣ ወይም ዋስነቱ የጀማል ብቻ ነው ተብሎ ይነገር፤ ከዚያ ዋስነት ቤቱ የበላው ነገር የለም አለች። አብዲ «ሰላም ሲገኝ የሚያማት ሴት» ብሎ ሰደባት። ይህን ከአብዲ ጠብቄዋለሁ። የከበደኝ የዘሃራ ነው። ከፓርክ እንደተመለሰች፣ የሥራ ጋዋኗን እንኳ ሳታወልቅ አዴ ሩቂያ ደጃፍ መጣች።

«አዴ፣ ቤቴን በእጄ ሰጥተውኝ አንቺ ልታስቀሪብኝ ነው?»

«የሰጡሽ ቤቱን አይደለም ልጄ። ዘበኝነቱን ነው።»

«አንቺማ የራስሽ ቤት አለሽ! ገብተሽ ትተኛለሽ! እኔ በየማለዳው ዛሬ ያስወጡኛል እያልኩ ነው የምሄደው። ስሰፋ መርፌው ጣቴን ነው የሚበሳው። ይለቅልኝ! ምንም ይሁን፣ ይለቅልኝ!»

አዴ ሩቂያ አልተቆጣችም። «ልክ ነሽ» አለቻት። ዘሃራ ከሄደች በኋላ ለእኔ፣ «የደከመው ሰው ጥላ ካየ ዛፉ የማን እንደሆነ አይጠይቅም» አለችኝና በረዥሙ ተነፈሰች። ትንፋሿ ከያን ጊዜ ጀምሮ ያፏጭ ነበር። አስም ነበረባት፤ የበርበሬው ብናኝ ነው ይላሉ።

እሷ ሐኪም ቤት በተኛችበት ሰሞን ዘሃራ የአብዲን ስምምነት ፈረመች። ለአዴ ሩቂያ የነገርኳት እኔ ነኝ። እርግማን ወይም «ነግሬያት ነበር» የሚል ነገር ጠብቄ ነበር። እሷ ግን ከአልጋው ጠርዝ ላይ ቀና አለችና «ጫማዬን አቀብለኝ። ሳይወለድ እንድረስበት» አለች።

ወደ ጉሌድ ሱቅ ሄድን። በየግድግዳው እየተደገፈች፣ እየቆመች። ባጃጅ ልጥራ ብላት «ቀስ ብዬ እያሰብኩ ልሂድ» አለችኝ። «ልጅ ሳይወለድ ነው አባቱን መጠየቅ፤ ከተወለደ በኋላ ሁሉም ይክዳል» ትላለች በየመሀሉ። ጉሌድ ሲያያት ከጣቃዎቹ መሀል ተነስቶ ወንበር አመጣ። እሷ ደፉ ላይ ተቀመጠች።

«ጉሌድ፣ የጀማልን ዋስነት ስትቀበል ምኑን አይተህ ነው?»

«መኪናውን አይቼ።»

«ቤቱንስ?»

«ቤቱን አላየሁም። አዴ፣ እኔ የሴትና የልጆች ጣሪያ አይቼ ዕቃ በእምነት አልሰጥም። ነውር ነው።»

«ዕቃው ባይመጣም?»

ውጭ አንድ ጋሪ ሲያልፍ ድምፁን ሰማሁ፤ ጋሪው እስኪያልፍ ጉሌድ አንድ ጣቃ አስተካከለ። ከዚያ «ባይመጣም» አለ።

«ይህን ሽማግሌዎቹ ፊት ትደግመዋለህ?»

«እደግመዋለሁ። ከፈለግሽ አሁን ጎረቤቶቼን ልጥራና ይስሙኝ።»

አሁን ሳስበው ያቺ ሰዓት ናት። ይጥራ ብትለው ኖሮ የመንገዱ ነጋዴ ሁሉ ይሰማ ነበር። ግን መጋላ ውስጥ ለነጋዴ «ምስክር ጥራ» ማለት ፊቱ ላይ ውሸታም ማለት ነው። አዴ ሩቂያ ደግሞ ሰውን በአደባባይ ተጭና ቃል አውጥታ አታውቅም፤ ብዙ ጆሮ ፊት ልብ አይወጣም የምትል ሴት ናት። «ተወው» አለችው። «እኔ ሰምቻለሁ፣ ሙሜ ሰምቷል። ቃልህ ይበቃኛል። ትንፋሼ ሲመለስ አብረን ሽማግሌዎቹ ዘንድ እንሄዳለን።» ጉሌድ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

ስንመለስ አንድ ግድግዳ ጥግ ቆመች። «ጥሩ ሰው ነው» አለች።

«ጥሩ ነው» አልኳት።

«ጥሩ ሰው አንድ የሚያስፈራ ነገር አለው። እሱን እያየህ ከኋላው ማን እንደቆመ አታይም።» ይህን ብላ ወደ ኋላ፣ ወደ ሱቁ ዞር አለች። ልትመለስ መስሎኝ ነበር። አልተመለሰችም፤ አቅምም አልነበራት።

ትንፋሿ አልተመለሰም። የባጃጁ ልጅ የነገረኝ ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ነው። ቀብሯ ላይ ጉሌድ ቃሬዛውን ከፊት ተሸክሞ አየሁት፤ ያለቅስ ነበር። ዘሃራም መጥታ ነበር። «ሳልታረቃት» አለችኝ። «እሷ ተጣልታሽ አታውቅም» አልኳት። እውነቴን ነው።

ከዚያ ዕዳው ተወለደ። ጀማል ዋስ የሆነለት ጓደኛው ከበረሃ መጣ፣ ዕቃው አልመጣም። የት ቀረ፣ ማን ወሰደው፣ ሰውየው አንድ ቀን አንድ ነገር ይላል፣ በሌላ ቀን ሌላ። ያን ሳምንት ጀማል ጠፋ። መኪናውን በጅጅጋ መንገድ ሲነዳ ያዩት አሉ፤ ከዚያ ወዲያ ያየው የለም። አብዲ «እኔ ወንድሜን አልጠብቅም» አለ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሁለት የማናውቃቸው ሰዎች መጡ። ሰላም አላሉም። የዘሃራን ቤት ዙሪያውን ዞሩት። አንደኛው፣ ቀፊራ ውስጥ ገንቦ የሚገዛ ሰው እንደሚያደርገው፣ ግድግዳውን በጣቱ አንኳኳ፣ ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ፣ ለጓደኛው ራሱን ነቀነቀለትና ሄዱ። ልጆቹ በር ላይ ቆመው ያዩ ነበር። ለካ ያ ዕቃ የጉሌድ ብቻ አልነበረም። የእነዚህም ገንዘብ ነበረበት።

ባለፈው ሳምንት ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። ሁለቱ ሰዎች ከጉሌድ ግራና ቀኝ ሆኑ። የዘሃራ ፊርማ ተነበበ። እኔ ተጠራሁና የሰማሁትን አንድ በአንድ ተናገርኩ። የሚመሩት ሼኽ «ሌላስ ማን ሰማ?» አሉኝ።

«አዴ ሩቂያ።»

በሕይወት ብትኖር ግማሽ ነሽ፣ ሙሉ ነሽ የሚላት አይኖርም ነበር፤ ደጃፉ ላይ መቀመጧ ብቻ ይበቃ ነበር። ሼኹ ዓይናቸውን ዝቅ አደረጉ። «አላህ ይዘንላት። ያለን ምስክር ግን አንድ ነው» አሉ። ከዚያ ወደ ጉሌድ ዞሩ። «ሙሜ ሰማሁት ያለውን ቃል አልተናገርኩም ብለህ በቁርኣን ትምላለህ? ከማልክ ቤቱ ለዕዳው ይሸጣል። ካልማልክ ቤቱ የዘሃራ ነው፤ ዕዳውን ከጀማል ፈልጉ።»

ጉሌድ እጁን ዘረጋ። ዘርግቶ መሀል ላይ አቆመው። በግራው ያለው ሰው ጆሮው ሥር አንድ ነገር አለው። እጁን ሰበሰበና «እስከሚመጣው ጁምዓ ጊዜ ስጡኝ» አለ።

ዛሬ ሐሙስ ነው። ከአሱር ሶላት በኋላ ጉሌድ ብቻውን ቤቴ መጣ። ሻይ አቀረብኩለት፤ አልነካውም።

«አባ ሙሜ፣ ጆሮህ እንዴት ነው?» አለኝ።

«ይሰማል፣ አልሐምዱሊላህ።»

«ሰው ሲያረጅ አንዳንዴ የሰማውና እንዲሆን የተመኘው ይቀላቀልበታል።»

«ይቀላቀላል። ያን ቀን ግን አልተቀላቀለብኝም።»

«እኔም አልተቀላቀለብኝም» አለ። «ካልማልኩ ግን የእኔን ቤት ነው የሚወስዱት። ልጆች አሉኝ። እነዚያን ሰዎች አታውቃቸውም።»

«አላውቃቸውም።»

«ያን ቀን ሰው ልጥራ ብያት ነበር። ሰምተሃል። ብትፈቅድልኝ ኖሮ መንገዱ ሁሉ ይሰማኝ ነበር፤ እነሱም ‹ተናግረሃል፣ አለቀ› ይሉኝ ነበር። መማል የሚባል ነገር አይመጣብኝም ነበር። እሷ ግን አመነችኝ።» አመነችኝ ያለው እንደ ስድብ ነው።

አዴ ሩቂያ ምን ትለው ነበር ብዬ ፈለግሁ፤ አላገኘሁም። ተነሳ፣ ጫማውን አጠለቀ፣ በሩን ያዘ። «ነገ እንገናኝ» አለኝና ወጣ። ሊምል ነው ወይስ ሊተው፣ ከጀርባው ላነበው ብሞክር አልቻልኩም።

እሱ ከሄደ ጥቂት ቆይቶ ሰርቪሱ ደረሰ። ዘሃራ በደጄ ስታልፍ ቆም አለች። «አባ ሙሜ፣ ወሬ አለ?»

«የለም ልጄ» አልኳት።

ዛሬን እንኳ ቤቷ ገብታ ትተኛ።